ለወንዟ የተጣለ ድንኳን

ቴምቢሳ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ጥር 22 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአብዱረዛቅ፣

አሰላሙ አለይኩም። ባለፈው በላክህልኝ የድምፅ መልእክት ስለ ጎጎ ቦንጊ ብቻ ስለጠየቅኸኝ በእሳቸው ልጀምር። አከራያችን፣ የሰፈሩ ሁሉ አያት፣ ተርፈዋል፣ አልሃምዱሊላህ። በሽታው የያዛቸው ልክ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ነው። ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ከርመው፣ ነርሷ ልጃቸው ራሷ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አመጣቻቸው። ቀጥነዋል፤ ያ ሁሉ ሰውነት የት እንደገባ እንጃ። አሁን የሚሄዱት በምርኩዝ ነው። ትንሽ ሄደው ይቆማሉ፣ ይስላሉ፣ ከዚያ ያቋረጡትን ስድብ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ድምፃቸው ግማሽ ሆኗል እንጂ ምላሳቸው ሙሉ ነው። ልጃቸው በሽታ ይዤ እገባለሁ ብላ ስለምትፈራ እስካሁን በመስኮት ቆማ ነው የምታጫውታቸው። የልጅ ልጃቸው ሌራቶ ደግሞ ገላዋ ሁሉ ሽፍ ብሎ ከረመ፤ አሁን እየተሻላት ነው። የሌራቶን ምክንያት ስደርስበት እነግርሃለሁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እዚህ ሞተህ ነበር። ባለፈው ሳምንት እየደወሉ ድምፅህን ሲሰሙ ስልኩን የዘጉብህ ሰዎች፣ እህትህ ዘንድ ደውለው ያስለቀሷት ሰዎች፣ እብዶች አይደሉም። ሁሉም ከዚህ ድንኳን የተነሱ ናቸው። ድንኳኑን የጣልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በድምፅ ቀድቼ እንዳልልክልህ፣ አንተ መልእክት የምትሰማው ስፒከር ላይ አድርገህ ነው፤ አጠገብህ ማን እንደተቀመጠ ከዚህ ሆኜ አይታየኝም። ደብዳቤ ግን ለብቻ ይነበባል። ያገራችን ልጅ ጣሃ ማክሰኞ ወደ አገር ስለሚሳፈር በእሱ እልከዋለሁ። አዎ፣ አውሮፕላኑ ከተከፈተ ቆየ። ጣሃ ከተከፈተ ወዲህ ሲሄድ ይህ ሁለተኛው ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። አንተ ለወንድምህ ሠርግ፣ ለሦስት ሳምንት ብለህ በሄድክ በወሩ ሎክዳውን ታወጀ። መንገዱ ጭር ሲል ሌቦች ወንዟ ዳር ያለችውን የፓምፕ ቤት ገብተው የመብራት ገመዷን ቆርጠው ወሰዱ። ከላይ ያሉት ሰፈሮች የሽንት ቤት ፍሳሽ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ ፓምፑ ነው ዳገቱን አሻግሮ ወደ ማጣሪያው የሚገፋው። እኔ ይህን ድሮ የት አውቄ። ሰው የሚያውቀው ሲበላሽበት ነው። ከዚያ ወዲህ ፍሳሹ መሄጃ ሲያጣ በራችን ፊት ለፊት ያለውን የማንሆል ክዳን ገፍቶ ይወጣል፣ በሱቃችንና በጎጎ ኩሽና መሃል ያልፋል፣ ቁልቁል ወርዶ ወንዟ ውስጥ ይገባል። ቀንም ሌትም፣ በዝናብም በፀሐይም።

ወንዟን ታውቃታለህ፣ እሁድ እሁድ ባኪ መኪናህን የምታጥብባት። አሁን ብታያት ዞር ትላለህ። መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ቀሩ። ልጆቹ ግን ልጆች ናቸው፣ ኳሳቸው ከገባች ተከትለው ይገባሉ። የጎጎ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ ነጭ ለብሰው የሚጠመቁት እዚያ ነው፤ እናቶቻቸውም እዚያ ነው የተጠመቁት። ሌላ ቦታ ሂዱ ቢሏቸው አይሆንም አሉ። ሌራቶን አጠመቋት፣ ሳምንት ሳይሞላ ገላዋ ሽፍ አለ፣ ሆዷም ተያዘ። ይኸው ነው ምክንያቱ። ጎጎ ስለዚያ ቀን እስካሁን ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

ማዘጋጃ ቤቱ፣ ካውንስሉ ጋ ስንደውል «ተመዝግቧል» ይሉናል። ስንት ጊዜ እንደተመዘገበ እነሱም አያውቁትም። የሚመጣ ግን የለም። አይ፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ አንድ ሰው መጥቷል። ከአዲስ ዓመታቸው በኋላ የጤና ኢንስፔክተር መጣ፤ ልጅ እግር ነው፣ ነጭ ጫማ ያደረገ። ሸሚዙን አፍንጫው ላይ ይዞ ጡብ በጡብ እየረገጠ ሱቁ ድረስ ደረሰና፣ ምግብ የሚሸጥበት ቤት ደጃፍ ላይ ፍሳሽ ካለ ሱቁ መታሸግ አለበት አለኝ። በወሩ መጨረሻ እመለሳለሁ፣ ፍሳሹ ያን ጊዜም ካለ አሽገዋለሁ አለ።

«ልጄ፣ ፍሳሹ እኮ የእናንተ ነው፤ እናንተ ናችሁ የማትጠግኑት» አልኩት።

«የኔ ክፍል ምግብ ነው፣ ሲስተር። ፍሳሽ ሌላ ክፍል ነው» አለኝ።

በሰላም ተሰናበተኝ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ይህ ሱቅ ከታሸገ የት ልግባ? እሱን ሳሰላስል ነው ያንተ የአጎት ልጅ ሻፊ ካንተ የተላከ ቃል ይዞ የመጣው። ዕቃውን ጭነሽ ዳቬይተን ግቢ፣ ከሻፊ ሱቅ ጀርባ ክፍል አለልሽ፣ እሱ ይሸጣል አንቺ ታግዢዋለሽ፤ ካልሆነም ወደ አገር ግቢ። ይህን ያልከው አንተ ነህ፣ ቃሉን አልቀየርኩም። ወደ አገር ግቢ ስትል፣ እመጣለሁ ማለትህ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሻፊ በበኩሉ መከረኝ። «እንግዳ ነን፣ ራዚያ። የመኖሪያ ፐርሚታችን ጊዜው ካለፈበት ቆየ፣ ቢሮው ዝግ ነው። አንገቷን ያወጣች ኤሊ ናት የምትረገጠው።»

«ፍሳሹ ፐርሚት አይጠይቅም፣ ሻፊ» አልኩት። «በኔም በር በጎጎም በር እኩል ነው የሚያልፈው።»

«ይህ የሴት ወሬ ነው።»

«ታዲያ የወንዱን ወሬ አምጣው። ወንዟ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስትገማ አንድ ወንድ አላየሁም።»

ተቆጥቶ ሄደ። እውነቱን ነው፣ እኔም አፌ አላረፈም።

በማግስቱ ቧንቧው ጋ ሴቶቹ ተሰብስበው አገኘኋቸው። ማንሆሉ ላይ ሄደን እንቀመጥ፣ ካውንስሉ እስኪመጣ አንነሳም ይላሉ። ችግሩ ስብሰባ ተከልክሏል። አምና እንደዚያው ሞክረው ፖሊስ በትኗቸዋል። ጎጎ ቦንጊ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው፣ «በዚህ አገር አሁን ሃምሳ ሰው አንድ ላይ የሚቀመጠው ለቀብር ብቻ ነው» አሉ።

አንዷ፣ «ታዲያ ማናችን እንሙት?» አለች።

ጎጎ በምርኩዛቸው ቁልቁል ወደ ወንዟ አመለከቱ። «እሷ ሞታለች እኮ። የሚቀብራት ነው የጠፋው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጓዳዬ ውስጥ ያለው ነገር ትዝ አለኝ። የእድራችን ድንኳንና ወንበር በኔ እጅ ነው፣ ታውቃለህ፤ ሎክዳውን ከገባ ጀምሮ ሰው ሁሉ ለቅሶውን በስልክ ስለሚደርስ ማንም አልነካውም። ሳላስበው፣ «እኔ ድንኳን አለኝ» አልኳቸው። ከአፌ ወጣ በቃ። ጎጎ አዩኝ። «ከነወንበሩ?» አሉኝ። «ከነወንበሩ» አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ጣልነው። ሴት ብቻ ነን፤ ምሰሶውን ያቆምነው እኔና ከጎጎ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አንዷ ነን፣ ካስማውን የመታችው ሌራቶ ናት። ወንበሩን አራራቅነው፣ ማስክ አደረግን፣ እጅ ማስታጠቢያም በር ላይ አቆምን፤ በዚህ በኩል ስማችንን የሚያነሳ እንዳይኖር። የጎጎ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነጫቸውን ለብሰው መጡ። ከወንዟ አንድ ባልዲ ቀድተን፣ ነጭ ጨርቅ አልብሰን፣ መሃል በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። ሬሳዋ መሆኗ ነው። መጀመሪያ የሳቁት ሴቶች ባልዲዋ ስትሸፈን ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ መዝሙር ጀመሩ፣ ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ታላቅየው ድንኳኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«የሞተው ማን ነው?»

«ጎረቤታችን ናት» አሉ ጎጎ። «ከሁላችንም በፊት እዚህ የነበረች።»

«ሬሳው የት አለ?»

ጎጎ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በዚያች ደቂቃ ፈዲላ ደረሰች። ታውቃታለህ፣ ታክሲ መቆሚያው ጋ ልብስ የምትሸጠዋን። በታክሲ ስታልፍ የእድራችን ድንኳን በራዚያ ደጃፍ ተጥሎ አየች። ሌላ ምን ታስብ? አንድ ጫማዋን ታክሲው ውስጥ ትታ፣ ደረቷን እየመታች፣ «ወይኔ አብዱረዛቅ፣ ወይኔ የአገሬ ልጅ» እያለች መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ፖሊሱ አንገቱን ደፋ። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። አልሞተም ብል የወንዟ ለቅሶ እዚያው ይፈርሳል፣ ፖሊሱ ይበትነናል። ዝም ካልኩ አንተ ሞትክ። ዝም አልኩ። አፉ በለኝ። ፖሊሱ «ነፍስ ይማር፣ ማማ» ብሎኝ፣ ተራራቁ ብሎ፣ ሄደ።

ፈዲላ ግን ከታክሲው ሳትወርድ ደውላ ኖሯል። የኛን ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ድንኳን ካለ መጥቶ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከጀፕስታውን የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ፋንታሁን በባኪ ውሃ ጭነው መጡ። አዩብ ጅምላ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከዳቬይተን ሻፊ ሳይቀር ፊቱ አመድ መስሎ መጣ፤ ምስኪን፣ ከልቡ አዝኗል። ጋሽ ፋንታሁን ቆመው ንግግር አደረጉልህ። ሰው አክባሪ ነበር አሉ፣ ሥራ ወዳድ ነበር አሉ። «ለሚስቱም» ብለው ጀመሩና ቃል ሲፈልጉ ቆዩ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ በሐዘን መሰላቸው። ፈዲላ በጆሮዬ፣ «እንግዲህ ኢዳሽ ነው፣ አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት አትወጪም» ትለኛለች።

«ሱቁስ?» አልኳት።

አሰበች። «ሱቁ ከቤትሽ ጋር የተያያዘ ነው። ይቻላል።»

ፖሊሶቹ መራቃቸውን ሳረጋግጥ ተነሳሁና «አልሞተም» አልኩ።

ፈዲላ ወደ ደረቷ ሳበችኝ። «አይዞሽ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው። አይታመንም።»

«አልሞተም እኮ ነው የምላችሁ። የሞተችው ይህች ናት» አልኩና ጨርቁን ከባልዲዋ ገለጥኩት። ሽታው ወጣ። የፊት ረድፍ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ።

ጋሽ ፋንታሁን ሲገባቸው ግንባራቸው ላይ ያለው ሥር ተነሳ። «በእድር ድንኳን? ለሽንት ቤት ፍሳሽ?»

«ለወንዝ ነው፣ ጋሽዬ።»

«እኔ ሰውን ቆሜ ቀብሬዋለሁ። ንግግር አድርጌአለሁ።»

«ጥሩ ንግግር ነበር» አለ አዩብ።

«ነግሬያታለሁ» አለ ሻፊ፣ «አንገትሽን አታውጪ ብያታለሁ። አሁኑኑ ይፍረስ።»

ያኔ እልህ ያዘኝ። «በደንባችን ለለቅሶ የተጣለ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው ይነሳል?» አልኳቸው። «ይነሳል የሚል ካለ ካስማውን እሱ ይንቀል። ሟርቱንም ይዞት ወደ ቤቱ ይግባ።»

በዚህ በበሽታ ዘመን የማን እጅ ካስማ ይነካል? ሻፊ እጁን ኪሱ ከተተ።

ጋሽ ፋንታሁን ግን ቀልጣፋ ናቸው። «ሟርቱ ሰው ለሞተበት ድንኳን ነው፤ ይህ ውሸት ነው። በይ ደውይለት። በሕይወት መኖሩን እድሩ በጆሮው ይስማ፣ ከዚያ እናነሳዋለን፣ ማንም ላይ ምንም አይደርስም» አሉ። ለካ ለዚህም ሕግ አለ። እምቢ ልል አልቻልኩም። ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ፤ ድንኳኑ ሙሉ ጆሮ ሆነ።

የቀረውን አንተ አታውቀውም፣ ተኝተህ ነበር።

«ሄሎ» አለች። ወጣት ናት። «አብዱዬ ተኝቷል፣ ማን ልበል?»

ማን እንደምባል ለራሴም ጠፋኝ። «ከጆበርግ ነው። ደህና መሆኑን ለማወቅ ነው» አልኳት።

«ደህና ነው። ትንሽ ብርድ መትቶት ነው፣ ቡሉኮ ደርቤለታለሁ። ሲነሳ እነግረዋለሁ።» ለዛ ያለው ድምፅ አላት፣ ሐቁን ልናገር። አመሰገንኳትና ዘጋሁ።

ድንኳን ሙሉ ሰው ጫማውን ያይ ጀመር። ጎጎ ቦንጊ አማርኛ የት ያውቃሉ፣ ግን እሳቸውም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እኔ ቶሎ ብዬ፣ «ሰሚያ ናት፣ የእህቱ ልጅ» አልኩ።

«አዎ፣ ሰሚያ ናት» አለች ፈዲላ።

«ድምፅዋን እኔም ለየሁት» አለ አዩብ።

ሰሚያ ሪያድ ከገባች ሁለት ዓመቷ መሆኑን እዚያ ድንኳን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አላህ ይስጣቸው፣ አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም።

ጋሽ ፋንታሁን ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር። አራግፈው አደረጉት፣ ወንበር ስበው ምሰሶው ሥር ሄዱና ተቀመጡ። «ድንኳኑ ሦስት ቀን ይቆያል» አሉ። «ደንብ ደንብ ነው። አዩብ፣ ለነገ ወንበር ጨምር። ሻፊ፣ ምን ትገተራለህ? ለእናቶቹ ውሃ አዙር።»

ሻፊ ውሃ አዞረ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ሽታው ዓይን ያቃጥላል አልኳቸው፤ ያቃጥላል አሉ ሁሉም።

ሦስቱን ቀን እንዴት እንደዋልን ባየህ። ማክሰኞ ዝናብ ጣለ፣ ማንሆሉ እንደ ምንጭ ፈላ፣ ጡብ ደርድረን እግራችንን ጡብ ላይ ሰቅለን ተቀመጥን። የተነሳ ሰው የለም። ከሃምሳ የተረፈው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ተራ ይጠብቃል፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ያ ጥግ ላይ ቆሞ በመጣን በሄድን ቁጥር «ክዌሬክዌሬ፣ መጤ» እያለ የሚሰድበን ጎረምሳ ሰኞ ዕለት፣ «እናንተ ደግሞ ለኛ ወንዝ ታለቅሳላችሁ?» ብሎ ስቆብን ነበር። ጋሽ ፋንታሁን በዚያ በምታውቀው እንግሊዝኛቸው፣ «አንተ ስላላለቀስክላት ነው» አሉት። ማክሰኞ ከቤቱ ወንበር ይዞ መጣ። ውሃ ሰጠነው።

ረቡዕ የካውንስሉ መሐንዲስ መጣ። መኪናውን ሳያጠፋ፣ በመስኮቱ፣ ድንኳኑን አንሱና እንነጋገራለን አለ። ጋሽ ፋንታሁን ራሳቸው ሄደው በሩን ከፈቱለት። «ልጄ፣ በኛ ዘንድ ለቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀመጥ አይመለስም፣ ነውር ነው» አሉና ክንዱን ይዘው አስገቡት። ወንበሩን የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ንፋሱ ከማንሆሉ ቀጥ ብሎ የሚመጣበትን። ተቀመጠ። ማስኩን እስከ ዓይኑ ሳበ።

«ችግሩ ይገባኛል» አለ። «ገመዱን ብንተካው ግን በሳምንቱ ይሰረቃል። ጠባቂ የለንም።»

«እኛ እንጠብቃለን» አሉ ጎጎ።

«እናንተ? በምን?»

«በመቀመጥ» አሉት። «አላየህም ስንቀመጥ?»

ሊነሳ ሲል አዩብ ውሃ ያቀርብለታል፣ እንደገና ሊነሳ ሲል ፈዲላ አንዱን ለቀስተኛ ታስተዋውቀዋለች። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ግንባሩ አላበው። በመጨረሻ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ነገ» አለ። ሁለተኛ ጊዜ ደውሎ ጮኸ። «ነገ ጠዋት ነው ያልኩት» አለ። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ፋንታሁን «እግዜር ያጽናህ» ብለው የሸኙት።

እውነትም ሐሙስ መኪናው ገመድ ይዞ መጣ። ፓምፑ ሲነሳ ድምፁ እንደ ትልቅ ንብ ነው፤ ከሱቁ ድረስ ይሰማል። ፍሳሹ ሲጎድል ቆመን አየነው። ግቢውን በበረኪና አጠብን፣ ኖራ ነሰነስን፣ ሳሩ ገና ጥቁር ነው። ወንዟ አልዳነችም፣ አትሳሳት፤ ጭቃዋ እንደ ቅባት ነው፣ ሌራቶ እንዳትጠጋ ብለናታል። ግን አዲስ የሚገባባት የለም፣ ዝናብ ሲዘንብ ትንሽ ትጠራለች። ፓምፕ ቤቷን በተራ እንጠብቃለን። የኔ ተራ ረቡዕ ነው፤ አንዱን ጥላ ይዘን ከመዘምራኗ ጋር እንቀመጣለን፣ እሷ ዳንቴል ትሠራለች፣ እኔ አወራለሁ። ወንበር ይዞ የመጣው ጎረምሳ የሌሊቱን ይዟል። ፓምፑ ደግሞ ቢቆም ድንኳኑ የት እንዳለ ካውንስሉ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ሰው አልቀረብኝም። ፈዲላ በየቀኑ ትመጣለች፤ ስለ አንተ አታነሳም፣ ስለ ኢዳም አታነሳም፣ ጥቁር ሻሼን ግን አይታ «ይህን አውልቂው፣ አያምርብሽም» አለችኝ። ትናንት በስቲያ ኢንስፔክተሩ በዚያው በነጭ ጫማው መጣ። ጡቡን እየፈለገ ወደ ታች ሲያይ መሬቱ ደርቋል።

«ፍሳሹ የት ሄደ?» አለኝ።

«ወደ ሌላው ክፍል» አልኩት።

ሳቀ። ዙሪያውን አየ፣ መደርደሪያውን አየ፣ ሱቁ ክፍት ይሁን ብሎ ለስላሳ ገዝቶ ሄደ።

ትናንት ደግሞ ሻፊ ትልቁን ባኪውን ይዞ መጣ። ያልከውን ነገረኝ፣ ዕቃው ይጫን ብለሃል። «አዙረህ በጀርባው አስጠጋው» አልኩት። ደስ አለው፣ እየተጣደፈ አስጠጋ። ድንኳኑን አጥቤ አድርቄ አጣጥፌ ነበር፤ እሱን ጫንኩበት፣ ቀጥሎ ወንበሮቹን። «ጀፕስታውን፣ ለጋሽ ፋንታሁን ታደርስልኛለህ» አልኩት።

«ዕቃውስ?»

«ዕቃው እየተሸጠ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፣ መስኮቱ ላይ ሦስት ሰው ቆሞ ዳቦ ይጠብቃል።

ባኪው ላይ ተደገፈ። ልጅነቱ ታየኝ፤ አንተን ይፈራሃል። «አብዱረዛቅን ምን ልበለው?» አለኝ።

«አንተ ምንም አትበለው። እኔ እጽፍለታለሁ።»

ይኸው ጻፍኩልህ። አላህ ከዚህ በሽታ ይጠብቅህ፣ ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልህ፣ ለቤትህም ሰላም ያውርድ። በዚህች ልቋጭ ስል ጎጎ ቦንጊ እየሳሉ መጥተው ባንኮኒው ላይ ተደገፉ። ለማን ነው የምትጽፊው አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ወረቀቱን አዩት፣ ረጅም ነው አሉ። ከዚያ፣ «ይመጣል?» አሉኝ።

«እንጃ። ደንበኛ ሆኖ ከመጣ እሸጥለታለሁ» አልኳቸው።

ሳቁ፣ ሳሉ፣ ምርኩዛቸውን አነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ «በዱቤ ግን እንዳትሰጪው» አሉኝ።

ባለሱቋ ራዚያ